የሙላት ተራ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳው ክረምት ጮቄ ላይ የቀረውን አርበኛ አንድ በአንድ «ለምን ቀረህ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር፣ መልሱ አንድ ይሆን ነበር፤ «ለአገሬ»። ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን አገር የሚሉት ነገር ሐምሌ ላይ፣ በባዶ ሆዱ ርጥብ ገሣ ደርቦ ዋሻ ውስጥ ለተኮራመተ ሰው እምብዛም አያሞቅም። ያን ጊዜ ሰውን ጫካ የሚያስቀረው ሌላ ሌላ ነው። አንዱ ቤቱ ተቃጥሎ መግቢያ ስለሌለው ይቀራል። አንዱ ሚስቱ ፊት ፎክሮ ስለወጣ፣ ከጥይቱ ይልቅ የእሷን ዝምታ ፈርቶ ይቀራል። አንዱ ጓደኛው ስለቀረ ይቀራል፤ ጓደኛው ደግሞ የቀረው እሱ ስለቀረ ነው፤ እንዲህ ሲተያዩ ክረምቱ ያልቃል።

ዋኘው ግን ከነዚህ ካንዱም አልነበረም። ቤቱ አልተቃጠለም፤ ፎክሮም አያውቅም። ጫካ የወጣው በተራ ነው፤ ተራው ሲያልቅ ይወርዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋኘውና ሙላት ይጁቤ አጠገብ ድንበር ለድንበር የሚያርሱ፣ አንድ የማርያም ማኅበር የሚጠጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። የሙላትን የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሣት ዋኘው ስለሆነ አበልጅም ናቸው። ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራና የገበሬውን ጠብመንጃ ሲለቅም፣ ሁለቱ ከየበረታቸው አንዳንድ ጊደር አውጥተው በሁለቱ ጊደር አንድ ምንሽር ለወጡ። አንድ ጠብመንጃ ለሁለት ሰው። ሁለቱም ጫካ ቢወጡ ማሳቸው ጦም ያድራል፤ ሁለቱም ቢቀሩ ደግሞ ጠብመንጃው ምን ሊሠራ ተለወጠ? ስለዚህ በማኅበሩ ጽዋ ላይ እጃቸውን አኑረው ተማማሉ። አንዱ ጠብመንጃውን ይዞ ከግራዝማች ድረስ ጦር ጋር ይሆናል፤ ሌላው የሁለቱንም መሬት ያርሳል። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ ይቀያየራሉ።

የሚቀያየሩት ከጨሞጋ ወንዝ ወዲያ፣ በተራራው በኩል ባለች አንዲት ወይራ ሥር ነበር። የሚወጣው በሶና ቆሎ ተሸክሞ ይመጣል፤ የሚወርደው ጠብመንጃውንና ዝናሩን ያስረክባል። ተቃቅፈው፣ ስለ በሬና ስለ ልጅ ተጠያይቀው፣ ቅማላቸውንም ጭምር ተለዋውጠው ይለያያሉ። ግራዝማች ድረስ መጀመሪያ ላይ «ሁለት ግማሽ ሰው ሰጣችሁኝ» ብለው ስቀውባቸው ነበር። ኋላ ሁለቱ ግማሾች ከብዙ ሙሉ ሰው እንደሚሻሉ ስላዩ ዝም አሉ።

በግንቦት ማርያም ጠብመንጃውን የተረከበው ዋኘው ነበር። በሰኔ ማርያም ሙላት ይወጣል፤ ዋኘው ይወርዳል፤ ወርዶም ሙላት ደጋግሞ ያረሰው መሬት ላይ የሁለቱን ቤት ጤፍ ይዘራል። ጤፍ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ሐምሌ ላይ ካልተዘራ፣ ሚስቱ እቴናትና ልጆቹ መጪውን ዓመት የሚቀምሱት የላቸውም።

የሰኔ ማርያም ዕለት ዋኘው ከወይራዋ ሥር ከማለዳ እስከ ማታ ቆሞ ዋለ። ሙላት አልመጣም። «ወንዙ ነው» አለ ለራሱ። እውነትም ጨሞጋ ሞልቶ ዛፍ እየገነደሰ ይወርድ ነበር። በማግስቱም ወርዶ ጠበቀ፤ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ኋላ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ጧት ጧት ጎደል ያለባቸው ቀኖች መጡ፤ ሌላ ሰው ሲሻገር አየ፤ ሙላትን ግን አላየም። ከይጁቤ ገበያ ጨው፣ ከጨውም ጋር ወሬ ይዛ የምትመጣላቸው ታየችም፣ ባንዳ መንገዱን ስለዘጋ ከሰኔ ወዲህ ብቅ አላለችም።

የዋሻው ኑሮ የሚወራ አልነበረም። በክረምት ጣሊያን አይመጣም፤ መኪናውን ጭቃ ይውጠዋል፣ አውሮፕላኑም ጉሙን ይፈራል። የሚመጣው ብርዱ ነው። እንጨቱ ርሶ አይነድም፤ ነዶ እንደሆነም ጢሱ ያሳብቃል ተብሎ ይጠፋል። ገብሱ ሻገተ። የሰዉ እግር በውኃ አብጦ ተላጠ። ሁለት ሰው በተስቦ ሞተ፤ ተስቦ የገደለው ወታደር ለፉከራ አይመችምና ስማቸውን የሚያነሣላቸው አልነበረም። ጣሊያን ደግሞ በየገበያው «ጠብመንጃውን ይዞ የገባ ምሕረት ያገኛል፣ መሬቱንም ያርሳል» እያለ ያስነግራል። «ውኃ ልቅዳ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ለጣሊያን የገባው ብዙ ነበር።

«ቅሉን እንኳ ትተውልን ቢሄዱ ምናለ» ይላል ክንዴ። ክንዴ ከዋኘው ደብር ቀጥሎ ካለው ደብር የመጣ፣ ረኃብ ምላሱን ያልነካበት ሰው ነው። በየጧቱ ዋኘውን ሳይነካካ አይውልም።

«ዋኘው፣ የሌላው ግማሽህ ነገር እንዴት ሆነ?»

«ወንዙ ነው።»

«ወንዙ ነው? ምስኪን ወንዝ፣ ስንቱን ይሸከማል።»

የሐምሌ ሥላሴ አለፈ። ዋኘው ቀን በቀን ሰማዩን ያይና ዛሬ ቢዘራ ይደርስ ነበር፣ ነገም ቢሆን ይደርሳል እያለ ያሰላል። እጁ ጠብመንጃ ይዞ ልቡ እርፍ ይዞ ነበር። በዚህ መሐል ክንዴ እህል ፍለጋ ወደ ወንዙ ዳር ተልኮ ወርዶ ነበርና ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሙላትህን አላየሁትም» አለው ገሣውን እያራገፈ። «ሚስቱን ግን ከወንዙ ማዶ አየኋት፤ ከገበያ ስትመለስ። ፀጉሯን ተሠርታ፣ ቅቤዋ በግንባሯ እየወረደ።»

«ማንጠግቦሽ?»

«ሌላ ካላገባ እሷው ናት።»

«ማሳውስ?»

«የሙላትን ማሳ ዳዋ ውጦታል፤ ዘር አልነካውም። ያንተን ጉም ይዞት አላየሁም።» ክንዴ ዙሪያውን ተመለከተ፤ ሰሚ እንዳለው ሲያረጋግጥ ቀጠለ። «ሳያርስ ሚስቱን ቅቤ የሚቀባ ገበሬ ካለ፣ ደመወዝ ይዟል ማለት ነው። እኛም ብንገባ ቅቤው አይጠፋም ነበር።»

ሰዉ ሳቀ። ከስንት ቀን በኋላ የተገኘች ሳቅ ስለነበረች ቶሎ አላለቀችም። ዋኘው አልሳቀም። ባዳ ቢከዳው አይደንቀውም ነበር፤ አንድ ጽዋ የጠጣ፣ ልጁን በእጁ አስይዞ ክርስትና ያስነሣ ሰው ሲከዳ ግን የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ሙላት ወር ሙሉ ጫካ እያለ የሙላትን ማሳ ያረሰው ዋኘው ነበር፤ አንድ ትልም ሳያሳልፍ፣ የራሱን አስቀድሞ ሳያርስ። እና አሁን ሙላት እዚያ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ የእቴናት ልጆች ለከርሞ ይለምናሉ።

ሲነጋ ወደ ግራዝማች ሄደ።

«ግራዝማች፣ ልውረድ።»

«ለመግባት ነው?»

«ሙላትን ልጠይቀው ነው።»

ግራዝማች ድረስ ዓይናቸውን ከፊቱ አንሥተው ወደ ጠብመንጃው አዞሩ፤ ጥያቄው በምን እንደሚጠየቅ ገባቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብርዱ ይዞት በምርኩዝ ነው የሚነሡት። «ጠብመንጃው የሁለታችሁ ነው፤ አላዝበትም» አሉ። «የሚሄድን ሰውም አላስርም። ባስርስ በምን? ገመዱ ሁሉ በስብሷል። ብቻ ስትወርድ ልጆቹ ሳያዩህ ውረድ። ሂያጅ ባዩ ቁጥር እግራቸውን ይበላቸዋል።»

ዋኘው እጅ ነሥቶ ወጣ። ለግራዝማች ያልነገራቸው ነገር ነበር። ሙላትን በሁለታቸው ጠብመንጃ ይገድላል፤ ከዚያ ያንኑ ጠብመንጃ ይጁቤ ላለው ባንዳ አስረክቦ፣ ምሕረቱን ተቀብሎ፣ ጤፉን ይዘራል። ቆርጦ ነበር። አገሩን የሚጠላ ሆኖ አይደለም፤ ደክሞት፣ ርቦት፣ ተክዶ ነው፤ ሦስቱ ከተገናኙ ደግሞ ሰው የማያደርገው የለም።

ጨሞጋን ለመሻገር ወንዙ ገና ምንጭ ወደሚሆንበት፣ ጅብራ ወደበቀለበት ከፍታ ወጥቶ ዞረ። አንድ ዋሻ ውስጥ አድሮ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ደረሰ። ጉሙ እየገለጠ ነበር። ከፊቱ የራሱ ማሳ ተዘርግቷል፤ ተዘርቷል። ደህና ሆኖ ታርሶ፣ በከብት ተረግጦ፣ ጤፉ ብቅ ብቅ ብሎ አረንጓዴ ለብሷል። ከድንበሩ ወዲያ የሙላት ማሳ ክንዴ እንዳለው ዳዋ ውጦታል።

ዋኘው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከሃዲ ከሆነ የኔን ለምን ዘራው? የኔን ከዘራ የራሱን ለምን ተወው? ነገሩ አልገጥም ብሎት እንደቆመ፣ ከታች በምንጩ መንገድ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ስትወጣ አየ። ማንጠግቦሽ ናት። ፀጉሯ ተሠርቶ ያብለጨልጫል። ቅቤውን ሲያይ ያልገጠመው ነገር ሁሉ ጠፍቶት ቁጣው ተመለሰ። ጠብመንጃውን አቀባብሎ ከቁጥቋጦው ወጣ።

«ባልሽ የት ነው?» አላት፤ ሰላምታም አልሰጣት።

ማንጠግቦሽ እንስራዋን አውርዳ መሬት አስደገፈችው። ግራ ቀኟን አየች። ከዚያ ክንዱን ይዛ እየጎተተች ወደ ወጣበት ቁጥቋጦ መለሰችው።

«ማን አየዎት?»

«ማንም። ባልሽ የት ነው ነው ያልኩሽ።»

«ቀስ ይበሉ፣ አበልጄ።»

«ቀስ አልልም። ቅቤሽ አምሮብሻል። ከየት የመጣ ቅቤ ነው?»

እጇን ወደ ፀጉሯ ሰደደች፤ ራሷ ላይ ያለውን የረሳች ትመስል ነበር። «አማረብኝ?» አለች። «ደግ። እንዲያምርብኝ ነው የተቀባሁት። አያ ውበቱ ከገበያ ቀን በፊት ሁሉ ተቀቢ ብለውኝ ነው።» አያ ውበቱ የማኅበራቸው ሙሴ፣ የጽዋው አለቃ ናቸው፤ ሁለቱን ያስማሏቸውም እሳቸው ነበሩ። «ሙላት የለም። እርስዎን ሆኖ ሞተ።»

ዋኘው ቃሉን ሰማ እንጂ ነገሩ አልገባውም። ጠብመንጃውን እንደደገነ ቆመ። እሷ ቁጭ አለችና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ስለ ሰው ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነገረችው።

ሰኔ ማርያም ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሙላት የዋኘውን ማሳ ያርስ ነበር። አንድ ሹምባሽ፣ ለጣሊያን ያደረ የባንዳ አለቃ፣ ባንዶቹን አስከትሎ መጣ። ለካ አንድ ክፉ ሰው፣ ዋኘውን በስም እንጂ በመልክ ሳያውቅ፣ «ዋኘው ጫካ ነው» ብሎ ነግሯቸው፣ እሱን ቢያገኙ እሱን፣ ቢያጡት ቤቱን ሊያቃጥሉ ነው የመጡት። ሹምባሹ የሩቅ አገር ሰው ነው፤ የሰፈሩን ሰው በመልክ አይለይም። «የዚህ ማሳ ባለቤት ማነው?» አለ። ሙላት እርፉን ሳይለቅ «እኔ ነኝ» አለ። «ዋኘው የምትባለው?» «አዎን። ዋኘው ጫካ ነው ያላችሁ ማነው? ጫካ ያለ ሰው በሬ ይጠምዳል?»

ብልሃት መስሎት ነው። ገበሬ የሆነ ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር። እጁ ጭቃ የነካ፣ ፊት ለፊቱ ሁለት በሬ የቆመ ሰው ሽፍታ ነው የሚል ማን አለ? አይተው ያልፋሉ፣ የእቴናትም ቤት ይተርፋል ብሎ ነው። ለገበሬ ሞፈርና ቀንበር ከምስክር ይበልጣል። ሹምባሹ ግን ገበሬ አልነበረም። ዋኘውን ሊይዝ መጣ፤ ዋኘው ነኝ ያለ ሰው አገኘ። በሬዎቹን እንደተጠመዱ ትተው እሱን አሥረው ይጁቤ ገበያ አወረዱት።

«ገበያው መሐል አቁመው ‹ይህን ሰው ታውቁታላችሁ?› አሉ» አለች ማንጠግቦሽ። «ሰው ዝም አለ። አያ ውበቱ ወጡና ‹ዋኘው ነው፤ ደግ ገበሬ ነው፤ እናውቀዋለን› አሉ። ሊያድኑት ብለው። እቴናትን ከቤት አመጧት። ‹ባልሽ ነው?› አሏት። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ የጎመን ዘር ልሸጥ የወጣሁ። ሙላት እሷን አያት፤ እኔን አላየኝም። አውቆ ነው ያላየኝ። ‹ባሌ ነው› አለች። ከዚያ ገመዱን አመጡ።»

«ለምን አይደለሁም አላለም?»

«አንዴ ነኝ ያለ ሰው አይደለሁም ቢል ማን ያምነዋል? ቢያምኑትስ? እሱን አይለቁት፤ የሁለታችንን ቤት ያቃጥሉታል። እርስዎንም ፍለጋ ይቀጥላሉ። እቴናት ጮኸች። ፀጉሯን ተላጨች፤ ፊቷን ነጨች። ልቅሶዋ ውሸት አይደለም፤ ለእኔም ጭምር አለቀሰችልኝ። እኔ ለጎረቤት የሚለቀሰውን ያህል አለቀስኩ። ከዚያ ላልፍ ስል አያ ውበቱ ቆነጠጡኝ። ልጆቼ አባታቸው ጎንደር ለንግድ እንደሄደ ነው የሚያውቁት። ሐዘን ለብሼ ከታየሁ ‹ማን ሞተባት?› ይባላል። እዬዬም ሲዳላ ነው፣ አበልጄ።»

ዋኘው ጠብመንጃውን ጭቃው ላይ አስተኝቶ ቁጭ አለ። «ልገድለው ነበር የመጣሁት» አላት።

«አወቅኩ። አያያዝዎን አየሁት።»

ዋኘው አፈረ። በሕይወቱ እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው እሺ ይል ነበር። ማልቀስም አማረው። ግን እሷ ሳታለቅስ እሱ ማልቀሱ ነውር መሰለው፤ ዋጥ አደረገው።

«ማሳዬን ማን ዘራው?» አለ በመጨረሻ።

ማንጠግቦሽ ሳቀች፤ የምትሳቅ ሳቅ አልነበረችም። «አገሩ ሁሉ ነዋ፤ የሚያውቀውም ያላወቀ መስሎ። የሟች ማሳ ጦም አይደር ብለው ደቦ ወጡ። እርስዎ በሕይወት ሳሉ ባንዳ ያየናል ብለው አንድ ጥማድ ያላበደሩ ሁሉ፣ ሲሞቱ በአንድ ቀን አርሰው፣ ዘርተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ገቡ። የሙት ልጅ ማርያም ታውቃለች እያሉ። የኔን ማን ይረስ? ባሌ አለ። ባል ላላት ሴት ደቦ አይወጣም።»

«የኛ ጤፍ የሁለታችሁ ነው።»

«እቴናትም እንዲያ ብላኛለች። ለመድረስ ያብቃው።»

ዋኘው ወደ ቤቱ ጣራ አየ። ጢስ በሣሩ መሐል ይወጣል። እቴናት እዚያ ናት፤ ልጆቹም። ከቆመበት ቢጮኽ ይሰሙታል። «አንዴ ብቻ ልያት» አለ።

«አይሆንም።»

«በሕይወት መኖሬን ታውቅ የለ?»

«ታውቃለች። ማወቅ ሌላ፣ ማየት ሌላ። እርስዎን ካየች ፊቷ ይፈታል። እቴናትን ያውቋታል፤ ሐዘን ትችላለች፣ ደስታ መደበቅ ግን አትችልም። ፊቷ ከተፈታ አለቀልን።» ማንጠግቦሽ ጣቷን በቅቤው ላይ አሽታ ቀና አለች። «እርስዎ በሕይወት ከታዩ እኔ ባሌን በከንቱ ሰጠሁ ማለት ነው። አይታዩ። ጣሊያን እስኪወጣ ሙት ይሁኑልኝ። ዓመቱ ሲወጣ ሽማግሌ ይላክባት ይሆናል፤ ‹አላገባም› ትላለች፣ የባሏ ፍቅር ነው ይላሉ። እሷም እንደኔ ትችለዋለች።»

ያ ሁሉ ያወጣው ያወረደው ነገር እዚያ ላይ አለቀ። ለጣሊያን ልግባ ቢል ማን ነኝ ብሎ ይገባል? የተሰቀለ ሰው ምሕረት አይጠይቅም። ጤፍ ልዝራ ቢል ተዘርቶለታል። ሙላትን ልግደል ቢል ሙላት ሞቶለታል። አገሩ ላይ ለዋኘው የተረፈለት ቦታ አንድ መቃብር ብቻ ነበር፤ እሱም ተይዟል።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለች። «ፍታቱ በእርስዎ ክርስትና ስም ነው የተፈታው። ‹ነፍሰ አካለ ወልድ› እያሉ። ቄሱ ምን ያድርጉ፣ ከሰዉ መሐል ጆሮ ነበር። ሙላት ወልደ ሰንበት ነው። ነፍሱ በማን ስም ተጠርታ ትግባ? ከናንተ ጋር ቄስ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አሉ።»

«በስሙ ያስፈቱልኝ።»

ዋኘው ጠብመንጃውን ከጭቃው አንሥቶ በነጠላው ጫፍ ጠረገው፤ ከዚያም ወደ እሷ ዘረጋው። ሌላ የሚሰጣት አልነበረውም። «ግማሹ የሱ ነው። ላንቺ ይገባል።»

ማንጠግቦሽ አልነካችውም። «እኔ ጠብመንጃ ምን ላደርግበት? ተራው የሱ ነበር። ተራውን ይያዙለት» አለችና እንስራዋን አዝላ ሄደች። ውኃው ሲንቦጫረቅ ጀርባዋን ያርሰዋል። ዞር ብላ አላየችም።

ዋኘው በመጣበት ተመለሰ። ዋሻው ሲደርስ ሰዉ እንደ መንፈስ ነው ያየው፤ ወርዶ የተመለሰ ሰው በዚያ ክረምት አልታየምና። ክንዴ አፉን ከፈተ። ዋኘው ሁሉንም ነገራቸው፤ ቅቤውንም ሳይቀር። ክንዴ ሰምቶ ሲያበቃ ከዋሻው ወጥቶ ዝናቡ ላይ ቆመ፤ ግራዝማች ግባ እስኪሉት ድረስ አልገባም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሙላት አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ለክንዴ ይህ ትልቅ ንስሐ ነው።

ቄሱ ከዲማ የመጡ፣ መጽሐፋቸውን በቁርበት ጠቅልለው ከራሳቸው በላይ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። ዋኘው ጠብመንጃውን ከፊታቸው አጋድሞ ገሣ ሲያለብሰው ቆጣ አሉ።

«ለብረት ፍታት የለም። አንሣው።»

«አባቴ፣ ሬሳው እዚያ በኔ ስም ተቀብሯል። ከሱ እዚህ ያለው ይኸው ብቻ ነው። ግማሹ የሱ ነው።»

ቄሱ ጠብመንጃውን አዩ፤ ዋኘውን አዩ። አንሣም ብለው አልደገሙም። መጽሐፉን ፈተው ጀመሩ። ወልደ ሰንበት የሚለው ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ያን ጊዜ ዋኘው አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ማንጠግቦሽ የተከለከለችውንም ጨምሮ አለቀሰ።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ፍልሰታ ሊገባ ዋዜማው ላይ፣ ታየች በተራራው ዞራ መጣች። ጨውዋ ላይ ላዩን ነበር፤ ከሥሩ ዳቦ፣ ዳቦ፣ አሁንም ዳቦ። ሰዉ ተነሥቶ ከበባት።

«የተዝካር ነው» አለች። «እቴናት ደገሰች። ማንጠግቦሽ ጎረቤት ናትና ስትፈጭና ስትጋግር ሰነበተች። ከተረፈው ሰብስባ ይህን ላከች። እስኪ ይብሉ ብላለች።»

አንድ በቅርብ የተቀላቀለ፣ ነገሩን ያልሰማ ሰው እጁን ወደ ዳቦው ዘርግቶ «የማን ተዝካር ነው?» አለ።

ክንዴ ወደ መሬት አየ።

«የኔ ነው» አለ ዋኘው። «ብሉ።»

የተዘረጋው እጅ ባለበት ቀረ። ነገር ግን ረኃብ ይሉኝታ አያውቅም፤ ግራዝማች ቆርሰው ሲጀምሩ ሁሉም በላ። በዚያ ክረምት እስኪጠግቡ የበሉት ያን ቀን ብቻ ነበር። ዋኘውም በላ። ማንጠግቦሽ ለባሏ ጋግራ፣ በሰው ባል ስም አስባርካ የላከችውን ዳቦ እያኘከ፣ ሲጋግሩት የወደቀበት እንባ ይኖር ይሆን ብሎ አሰበ። አይኖርም፤ ሰው ያያት ነበርና።

ቄሱ አሳረጉ፤ በወልደ ሰንበት ስም። «ነፍስ ይማር» አለ ሰዉ ሁሉ በአንድ አፍ። ዋኘውም «ነፍስ ይማር» አለ።

ውጪው ሊጨልም ነበር፤ ዝናቡ እንደገና ወረደ። ግራዝማች በምርኩዛቸው ተነሡ። «የዛሬ ጥበቃ የማን ተራ ነው?»

ዋኘው ገሣውን ደረበ፣ ምንሽሩን አነሣ። «የሙላት ነው» አለና ወደ ዝናቡ ወጣ።